አንቲ ጆይስ ያላመኑት ውል

የአንቲ ጆይስን ሞት ቀድሞ የጠቆመኝ ሰው አይደለም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኖርዝ ሜልቦርን ባለው ቤቴ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ስልኬ ላይ ያለው፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምረዳበት ኤጀንሲ ሮስተር፣ ማለትም የሥራ ተራ ማሳያው፣ ድምፅ አሰማ። የማክሰኞ ጠዋት ሺፍቴ ካንስል ተደርጓል ይላል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። እሳቸው ያስተማሩኝ ጥርጣሬ ወዲያው ተነሳብኝ። ሌላ ሠራተኛ ተክተውብኝ ይሆናል፣ ወይም አንቲ ጆይስ ከሰው ተጣልተው ኤጀንሲውን ራሱን አባረውት ይሆናል ብዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ክላየንትሽ ቅዳሜ በእንቅልፋቸው አርፈዋል፤ አዝናለሁ» አለችኝ። ወዲያውም በዚያው ሰዓት ሌላ ሺፍት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አልወስድም አልኩና ዘጋሁት። ያጣጠፍኩትን ልብስ ፈትቼ እንደገና ማጣጠፍ ጀመርኩ።

አንቲ ማለት በእንግሊዝኛ አክስት ነው። በአቦርጂናሎች፣ ማለትም በአውስትራሊያ የጥንት ተወላጆች ዘንድ ግን እኛ እትዬ እንደምንለው ያለ የክብር መጠሪያ ነው። እሳቸውን ያለ አንቲ ጠርቶ መልስ ያገኘ ሰው አላየሁም። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በውስጤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። የሕዝባቸውንና የወንዛቸውን ስም ግን አልጽፍም። በሕይወት ሳሉ ልጻፍ ብላቸው «ለምን ፈለግሽው?» ነበር የሚሉኝ፤ አጥጋቢ መልስም አይኖረኝም ነበር።

አስኮት ቬል በሚባለው የሜልቦርን ሰፈር ካሉት የመንግሥት ቤቶች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኤጀንሲው የላከኝ ቤት እንዳጸዳላቸውና ገበያ እንድወጣላቸው ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተና አንድ ዓይን ብቻ ታየኝ።

«ማን ላከሽ?»

«ኤጀንሲው ነው የላከኝ፣ ለጽዳት…»

«ኤጀንሲውንስ ማን ላከው?»

አሰብኩና «መንግሥት መሰለኝ» አልኩ። በሩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው ሳምንትም አልገባሁም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ጊዜ ግን ጥያቄው ተለወጠ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሥራሽ ምንድን ነው፣ ከየት መጣሽ፣ ቪዛሽ ምን ዓይነት ነው ይሉኛል። የማን ልጅ ነሽ የሚል የአገሬ ሰው ነው። ስለዚህ እንደ አገሬ መለስኩ። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ አያቴ የመጡበትን አገር፣ አባቴ ከአዲስ አበባ ዳር ያርሰው የነበረውን መሬት ተናገርኩ።

«ያርሰው የነበረ?» አሉ። «አሁንስ?»

«አሁን የለም። ከተማው ደረሰበትና ለልማት ተፈለገ ተብሎ ተወሰደ።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ቀጠሉ።

«አባትሽ ፈረመ?»

«ፈረመ።»

«ምን አብልተው አስፈረሙት?»

ሳቄ መጣ። «ስብሰባ ጠርተው ለስላሳ አጠጧቸው።»

እሳቸው አልሳቁም። «ሁልጊዜ የሚጣፍጥ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

አንቲ ጆይስ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነበር የሚቀመጡት። ደረጃው ላይ ኮቴ ከተሰማ ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔም የምጠርግበትን ማሽን አጠፋለሁ። ኮቴው ካለፈ በኋላ ጣታቸው ይወርዳል። ከቤት ሲወጡ ሰው ያለ እንዲመስል ሬዲዮኑን ከፍተውት ይወጣሉ። የመድኃኒት ክኒን መልኩ ከተለወጠ ፋርማሲው ድረስ ሄደን ለምን እንደተለወጠ ካልተነገራቸው አይውጡትም። አንድ ቀን የለመዱት ሻይ ስላጣሁ ሌላ ገዛሁላቸው። ካርቶኑን አገላብጠው አዩና፣ «የእኔ ሻይ ጠፍቶ ነው ወይስ አንቺ ወስነሽልኝ ነው?» አሉ። ጠፍቶ ነው ብላቸውም ሱቁ ድረስ አብረን ሄድን። ባዶውን መደርደሪያ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ያመኑኝ።

እንዲህ ሲባል ክፉ ሰው ይመስላሉ። ጉንፋን ይዞኝ የሄድኩ ጊዜ ሾርባ ሠርተው ጠበቁኝ። ሳህኑን ፊቴ ካስቀመጡ በኋላ ማንኪያውን አንስተው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱና ዋጥ አድርገው አሳዩኝ። አገሬ ጠጅ የሚቀዳ ሰው ከእጁ መዳፍ ላይ ቀምሶ እንደሚሰጠው ማለት ነው። እሳቸው እንደሚጠረጥሩኝ እኔም እሳቸውን የመጠርጠር መብት እንዳለኝ መንገራቸው ነበር። ማንም እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም።

ትልቁ ጥርጣሬያቸው ግን በመሬቱ ጉዳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ተወላጆቹ መሬታችን ይመለስልን ብለው ፍርድ ቤት ሲሄዱ፣ ነጮቹ ከመጡ ጀምሮ ከመሬቱና ከወጋችሁ ሳትለዩ መኖራችሁን አስረዱ ይባላሉ። ከመሬቱ ያፈናቀላቸው ራሱ መንግሥት ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ይሸነፋሉ። ሌላው መንገድ ከፍርድ ቤት ውጭ ከክፍለ ግዛቲቱ ከቪክቶሪያ መንግሥት ጋር ተቀምጦ መስማማት ነው። መንግሥት የተወሰነ መሬት ይመልሳል፤ እነሱ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ለዘላለም ፍርድ ቤት አንሄድም ብለው ይፈርማሉ። መሬቱ ለአንድ ሰው አይሰጥም። የአገሩ ቤተሰቦች ኮርፖሬሽን የሚሉትን ማኅበር ያቋቁሙና እሱ ይይዘዋል። አባል የሚሆነው በዚያ መሬት እንደነበሩ ከሚታወቁ ቅድመ አያቶች መወለዱ የታመነለት ሰው ነው፤ በውሉ ላይ ድምፅ የሚሰጠውም አባሉ ብቻ ነው።

አንቲ ጆይስ አባል አልነበሩም። ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ከወንዙ ዳር ተወስደዋል። በዚያን ዘመን መንግሥት የአቦርጂናል ልጆችን ከእናቶቻቸው እየነጠቀ ማሳደጊያ ያስገባ ነበር። ጆይስ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሜልቦርን ያለው ማሳደጊያ ውስጥ ነው። የልጅነት ስማቸውን ረስተውታል። አድገው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ተቀጥረው ሲሠሩ ከማሳደጊያው ጡረታ የወጣች አንዲት ሴት አገኘቻቸውና፣ የመጣሽው ከእገሌ ወንዝ ነው፣ የእናትሽም ስም እገሊት ነው አለቻቸው። እናትየው ግን ሞታ ነበር። ማስረጃ ሲጠይቁ መዝገቡ ጠፍቷል ተባሉ።

ስለዚህ የአባልነት ጥያቄያቸው ሳይመለስ ተንጠልጥሎ ቀረ። በኮርፖሬሽኑ ሰዎች ዘንድ የሚወራው ሌላ ነበር። ሴትዮዋን ማንም አያውቃትም፣ መሬት ሊመለስ ነው ሲባል ነው የመጣችው ይላሉ። እሳቸው ደግሞ እኔ እንደምቃወም ስላወቁ ድምፁ እስኪሰጥ ያቆዩኛል ባይ ናቸው። ከሁሉ የሚጠረጥሩት አንክል ሬይ የሚባሉትን ሽማግሌ ነበር። አንክልም እንደ አንቲ ያለ መጠሪያ ነው፤ እኛ ጋሼ የምንለው። አንክል ሬይ በዕድሜ እኩያቸው ሲሆኑ በማኅበሩ ውስጥ ቃላቸው ይሰማል። አንድ ቀን አንቲ ጆይስን ሐኪም ቤት ወስጄ ሳለ አገኘናቸው። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሰው ናቸው። እኛን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አየሽው?» አሉኝ አንቲ ጆይስ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ይህ ሰውዬ ስለ እኔ የሚያውቀው ነገር አለ።»

አንድ ማክሰኞ እኔ እያለሁ የኮርፖሬሽኑ ሊቀመንበር መጣች። ትሪሽ ትባላለች፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ደከም ያለ ፊት ያላት ሴት ናት። የአንክል ሬይ የእህት ልጅ ናት። በእጇ ኬክ ይዛለች። አንቲ ጆይስ በሰንሰለቱ ክፍተት ኬኩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«እሱን እዚያው ደረጃው ላይ አስቀምጪውና ግቢ» አሏት።

ትሪሽ ግራ ገብቷት አስቀመጠችውና ገባች። የቤተሰብ ሐረግ የሚያጠና ባለሙያ እንደተቀጠረ፣ መጥቶ ጥቂት ጥያቄ እንደሚጠይቃቸው በትሕትና አስረዳች።

«ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?»

«የሚያስታውሱትን ነው አንቲ። ቤተሰብ፣ ቦታ፣ ያንን ቀን…»

«ያንን ቀን ልንገርሽ» አሉ። «ከዌልፌር፣ ልጆች ከሚነጥቀው መሥሪያ ቤት፣ የመጣችው ሴት ኬክ ይዛ ነበር። ቆማ ስትጣራ ፈገግ ትል ነበር፤ ልክ እንደ አንቺ። ሄድኩላት። ከዚያ እናቴን አላየኋትም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ትሪሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይቅርታ ጠይቃ ተነሳች። እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት።

«እኔ ጠላታቸው አይደለሁም» አለችኝ ኬኩን እያነሳች። «ግን ሰዉን ምን ልበለው? አንዴ ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር ይላሉ፣ አንዴ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ይላሉ። አንቺ ታምኛቸዋለሽ?»

«አዎ» አልኩ። ወደ ላይ ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔም ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው፣ «አንቺ ምን አገባሽ? ሥራሽን ሠርተሽ ውጪ። ነገ ሴትዮዋ ውሸታም ከሆኑ አንቺም አብረሽ ትጠየቂያለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ወለሉን እያጸዳሁ እሳቸውን ሰረቅ እያደረግሁ አያለሁ። ማሳደጊያ ያደገ ሰው ቤት ሲያጣ የሌላ ሰው ቤት ትዝ ሊለው ይችላል እያልኩ አስባለሁ። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ደረጃው ሲያነሱ፣ እኔ የምጠረጥረው ውስጥ ያለውን ሰው ነበር።

የኮርፖሬሽኑ ስብሰባ ሲደርስ፣ ወንዛቸው ወዳለበት ትንሽ ከተማ ውሰጂኝ አሉኝ። የሺፍት ሥራ አይደለም፤ የዕረፍቴ ቀን ነው። ለባለቤቴ ሳልነግር መኪናዬን ነዳጅ ሞልቼ ወሰድኳቸው። ከከተማ ከወጣን በኋላ የስንዴ ማሳና የበግ መስክ እየተፈራረቀ ሄድን። ወደ ትንሿ ከተማ ስንገባ መኪናውን አቁሚ አሉኝ። ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ላይ አሮጌ የባቡር ድልድይ ነበር፤ ሐዲዱ ከውኃው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ትኩር ብለው አዩት። እኔም አየሁት፤ ወንዙ ዳርና ሐዲዱ አጠገብ ማለት አንድ ቦታ ነበር፤ በመጠርጠሬ አፈርኩ።

አዳራሹ ውስጥ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከኋላ ሻይ የሚፈላበት ትልቅ ማሞቂያ አለ፣ የኮርፖሬሽኑ ጠበቃ ኮምፒውተሯን ታስተካክላለች። አባላት ድምፅ የሚሰጡበት አረንጓዴ ካርድ በር ላይ ይታደላቸዋል። ለእኛ ካርድ አልተሰጠንም። እንግዶች ከኋላ ይቀመጡ ተባልን። አንቲ ጆይስ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

ትሪሽ ያልተወሰኑ የአባልነት ጥያቄዎችን አንስታ የአንቲ ጆይስን ስም ስትጠራ፣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«ለሴትዮዋ ክብር አለኝ» አለ። «ግን ማናችንም አናውቃቸውም። ዛሬ እሳቸውን ብንቀበል ነገ ደግሞ ማን ይመጣል?»

ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። አንቲ ጆይስ ክንዴን ተደግፈው ቆሙ።

«እኔ ማንንም አልለምንም» አሉ። «እኔን የወሰደው መንግሥት ፊታችሁ ሲቀርብ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ ብላችሁ ጠየቃችሁት? ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። የምትጠይቁት እኔን ነው።»

በዚህ መሐል አንክል ሬይ ከፊት ረድፍ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ሁለት እጃቸው መሐል ያዙት።

«ስሟ ጆይስ አይደለም» አሉ።

ሊያጋልጧቸው ነው ብዬ ነበር።

«ጆይስ ነጮቹ ያወጡላት ስም ነው። እኛ እንዲህ ነበር የምንላት» ብለው አንድ ስም ጠሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። «የዌልፌር መኪና የመጣ ቀን እናቶቻችን ሁለታችንን ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ደበቁን። ሴትዮዋ ኬክ ይዛ ትጣራለች። እኔ ርቦኝ ነበር። ‹ሂጂ፣ ለእኔም አምጪልኝ› አልኳት። ሄደች። ከተማ ውስጥ ካየኋት ጀምሮ ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ መልኳ የእናቷ ነው። ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።»

ከዚያ ተቀመጡ። ትሪሽ ድምፅ ስትጠይቅ አረንጓዴው ካርድ አዳራሹን ሞላው፤ ያ ጎልማሳም ጭምር አነሳ።

ስንመለስ እያለቀስኩ ነበር የምነዳው። አንቲ ጆይስ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ትሪሽ ናት የነገረችው» አሉ።

«ምኑን አንቲ?»

«ኬኩን። እኔ ቤት ነው የሰማችው። ሄዳ ለአጎቷ ነገረችው።»

«ለምን ብለው ይዋሻሉ? ሰው ፊት ያሳፈሩት ራሳቸውን ነው እኮ።»

«ድምፄን ይፈልጉታል። አባል ካደረግናት ውለታችንን አስባ ከእኛ ጋር ትሆናለች ብለው ነው።»

ሊሆን የማይችል ነገር አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ያንን ስም ቀስ ብለው ሲሉት ሰማሁ። አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው ደጋግመው ሞከሩት።

«ትዝ አለዎት?» አልኳቸው።

«አላለኝም» አሉ። «የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

በውሉ ላይ ድምፅ የተሰጠው ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ነው። አሁን ካርድ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። «ለዘላለም የሚል ቃል ላለበት ነገር እጄን አላነሳም» አሉ። «ገና ላልተወለዱት ልጆች ማን ፈቅዶልን ነው እኛ የምንፈርምላቸው?» አንክል ሬይ በተራቸው ተነሱ። «ልጆቹ እስኪወለዱ እኔ አልቆይም» አሉ። «ከመሞቴ በፊት በአጥር ሳልሾልክ ወንዙ ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ።» ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ውሉ በብዙ ድምፅ አለፈ። አንቲ ጆይስ ተቃወሙ፤ አባልነቱ ውለታ ሆኖ እጃቸውን እንዳላሰረውም በዚያው አሳዩ።

መሬቱን የተረከቡበት ቀን ወንዙ ዳር ድንኳን ተተክሎ፣ ባለሥልጣናት መጥተው ንግግር አደረጉ። በወጋቸው የሚጨሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ እያለፈ ልጆች ጨፈሩ። አንቲ ጆይስ ከፊት የተዘጋጀላቸውን ወንበር አልቀመጥም አሉ። ንግግሩ ሳያልቅ አንክል ሬይ ዘንድ ሄደው፣ «ቦታውን አሳየኝ» አሏቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ሦስታችን በውኃው ዳር ቀስ እያልን ሄድን።

አንክል ሬይ ሣር ከዋጠው አንድ ሜዳ ላይ ቆመው፣ የእናትሽ ቤት እዚህ ነበር፣ የእኛ እዚያ፣ የእንጨቱ ክምር ከዚያ ዛፍ ሥር አሉ። አንቲ ጆይስ ዙሪያውን አዩ።

«ሬይ» አሉ። «የእናቴ ውሻ ትዝ ይልሃል?»

«የቱ ውሻ?»

«ጥቁሩ፣ ትልቁ። ስሙ ጠፋኝ።»

ስለ ውሻ አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ፊታቸውን አየሁት፤ በሩ ላይ በሰንሰለቱ ክፍተት ያየሁት ፊት ነበር። ያኔ ገባኝ፤ ወጥመድ ነው። የቱ መልስ ትክክል እንደሆነ ባላውቅም፣ አንክል ሬይ እንዲመልሱት ጸለይኩ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ።

«እናትሽ ውሻ አልነበራትም» አሉ በመጨረሻ። «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሽ ነው። እናትሽ ውሻ ትፈራ ነበር። የእኛን እንኳ ውኃ እየደፋች ነበር የምታባርረው። ልጅ ሆና ነክሷት እግሯ ላይ ጠባሳ ነበራት።»

አንቲ ጆይስ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ግራ እግሯ ላይ» አሉ።

«ግራ» አሉ አንክል ሬይ።

የጠባሳውን ነገር አንቲ ጆይስ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። እጃቸውን ከእኔ ላይ አንስተው የአንክል ሬይን ክንድ ያዙ።

«ኬኩን መኪና ውስጥ ሰጡኝ» አሉ። «ግማሹን በላሁት። ግማሹን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩ። ማሳደጊያው ስንደርስ ቀሚሴን አውልቀው ወሰዱት። ስጡኝ እያልኩ ስጮህ መቱኝ። ለአንድ ሰው ማድረስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ማን እንደነበር ግን ቆይቶ ጠፋኝ።»

አንክል ሬይ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከዚያ ተያይዘው ከፍ ወዳለው የመቃብር ቦታ ወጡ። ስም የሌላቸው፣ በድንጋይ ብቻ የተከበቡ መቃብሮች ናቸው። አንክል ሬይ በልጅነታቸው የአንቲ ጆይስን እናት ቀብር ቆመው አይተዋል፤ ድንጋዮቹንም ያውቋቸዋል። አሳዩአቸው። ከሩቅ ሆኜ አንቲ ጆይስ ጀርባቸውን ለእኔም ለድንኳኑም ለሰዉም ሁሉ ሰጥተው መሬት ላይ ሲቀመጡ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ የተዋቸው ግን እንዳይመስላችሁ። ኮርፖሬሽኑ በየስብሰባው ከባድ ጥያቄ የሚሰማው ከእሳቸው ነበር። መሬቱ ከተመለሰ በኋላ ወደ ወንዙ የሚያስገባውን በር ቁልፍ የያዘው ያው የድሮው የመንግሥት ጠባቂ መሆኑን የደረሱበትም እሳቸው ናቸው። «መሬቱ የእኛ ከሆነ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ስብሰባውን አላስኬድ አሉ። ትሪሽ ለጊዜው ነው፣ በውሉ አፈጻጸም ነው ብትልም አልሰሟትም። በመጨረሻ የበሩ ቁልፍ ተለወጠ። ትሪሽ በኋላ ስትነግረኝ፣ እሳቸው ባይኖሩ ማንም ልብ አይለውም ነበር አለችኝ። ወዲያውም ሳቅ ብላ፣ «አሁን ደግሞ አዲሱን ቁልፍ እኔ ለምን እንደያዝኩ ይጠይቁኛል» አለች።

አንክል ሬይ አስኮት ቬል እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ሁለቱ ሲቀመጡ አንዳቸው ስለ ሌላው እናት ይናገራሉ፤ እኔ ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አይሰሙኝም። ያ የባለቤቴ ምክር ልክ እንዳልነበረ እሱም አንድ ቀን ራሱ ሊወስደኝ ሲመጣ ገባው፤ አንቲ ጆይስ እሱንም የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀውት፣ ደረጃው ላይ ቆሞ እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠረላቸው።

አንቲ ጆይስ የተቀበሩት ወንዙ ዳር፣ ከእናታቸው አጠገብ ነው። በፊት ያ መቃብር በተቆለፈ በር ውስጥ ነበር፤ ለመግባት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ቀን በሩ ገና ከማለዳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሜልቦርን የመጣን ጥቂት ነን፤ የአገሩ ሰው ግን መንገዱን ሞልቶት ነበር። ያ በስብሰባው ላይ አናውቃቸውም ያለው ጎልማሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆኗል።

ትሪሽ ተናገረች። አንቲ ጆይስ ለዚህ መሬት መመለስ የታገሉ፣ የኮርፖሬሽኑ ኩራት የሆኑ እናት ነበሩ አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንክል ሬይ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ። መጀመሪያ በልጅነት ስማቸው ጠሯቸው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«አንድ ነገር እንዳይረሳ» አሉ። «እሷ ይህን ውል ተቃውማለች። እኔ ደግፌያለሁ፣ አብዛኞቻችሁም ደግፋችኋል። እሷ ግን እምቢ ብላለች። ነገ ልጆቻችን ሁሉም ሰው ተስማምቶ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቋችሁ፣ አዎ እንዳትሏቸው። እሷን በእኛ ድምፅ እንዳትቀብሯት።»

ትሪሽ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እሺ አንክል» አለች። «እንነግራቸዋለን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን አፈር ጣሉ።